ምርቃታችንን መመሪያ ላደረጉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ደጉ ይመር
የወይራ አምባ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

የሰላም አምላክ ሰላሙን ያብዛልዎ። ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎም ጭምር በደኅና ሰንብተዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ለደረትዎ ጤና እመኛለሁ፤ ወደ ውስጥ የሳቡት አየር ሳይንገላታ እንዲገባልዎ፣ የገባውም በሰላም እንዲወጣልዎ፣ በመካከሉም ማንም ቆሞ ወንድ ነዎት ወይስ ሴት ብሎ እንዳይጠይቅዎ ከልቤ እጸልያለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት ለሰላምታ እንግዳ ቢመስልዎት አይፍረዱብኝ፤ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ትንፋሽ ያጠረው ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

እኔ በቧንቧ ውሃ ሰፈር የምኖር፣ ዕድሜዬን በዜማና በቅኔ ትምህርት የፈጀሁ፣ ለረጅም ዘመንም የደብራችንን ዕቃ ቤት የጠበቅሁ ሽማግሌ ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው ታምሜ የተማርኩትን ያህል ብቻ ነው። ይህን ጉዳይ በዝግ ላነጋግርዎ ፈልጌ ወደ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ፤ ነገር ግን በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባዎን ላለማቋረጥ ስል ሰው ሁሉ በሚያነብበት መንገድ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የሆስፒታልዎ የዲሲፕሊን ኮሚቴ በመጪው ማክሰኞ ዶክተር ኢንሻራህ ሀዚምን ከሥራ ለማሰናበት እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ። ጥፋቷ፣ መተንፈስ ያቃተውን አንድ ወንድ ምን እንዳነቀው ለማየት አልትራሳውንድ የተባለውን መሣሪያ ከነፍሰ ጡሮች ክፍል ማውጣቷ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ከክሱ ማስረጃዎች አንዱ እኔና ወዳጄ ሸኽ ሀምዱ በመሣሪያው ምረቃ ቀን የሰጠነው ምርቃት መሆኑን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና፣ ቢሮዎ የሚወደውን ሥርዓት ተከትዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሰጡን ሹመት አመሰግናለሁ። እኔና ሸኽ ሀምዱ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንመርቅ ኖረናል። ሠርግ መርቀናል፤ እርሻ መርቀናል፤ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ልጅ መርቀናል፤ አንድ ጊዜም አዲስ የተገዛ ባጃጅ መርቀን ባለቤቱ በዚያው ሳምንት ከቦይ ውስጥ ሲከተው ምርቃቱ ለሰውየው እንጂ ለጎማው አልነበረም ብለን አጽናንተነዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ምርቃታችን አንቀጽ ተሰጥቶት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ በር ላይ ተለጥፎ አይተን አናውቅም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎችን ሳያውቁት ሕግ አውጪ ያደረገ ሹም ከእርስዎ በፊት የተነሣ አይመስለኝም።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመጀመሪያው ልናገር። ከመስቀል በዓል በኋላ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ በጎማ እግሮቹ የሚገፋ፣ በመስታወቱ የሰውን ውስጥ የሚያሳየው ያ መሣሪያ ሊመረቅ ሰው ተጠራ። እርስዎ መነጽርዎን አድርገው የአጠቃቀም መመሪያ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አነበቡ። ማይክሮፎኑ ይጮህ ስለነበር ከፊት ወንበር የተቀመጥነው እኔና ሸኽ ሀምዱ ከድምፅዎ ይልቅ የእሱን ጩኸት ነበር የሰማነው። ሸኹ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «መሪጌታ፣ ምን እያለ ነው?» አሉኝ። እኔም፣ «ይጠቅማል እያለ ነው መሰለኝ» አልኳቸው። «እንግዲያ አሚን ነዋ» አሉ። ንባቡ አለቀና፣ በአገራችን ደንብ ሥራ ያለ ምርቃት ስለማይጀመር፣ እንድንመርቅ ጋበዙን። ሸኹ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ይሄን ዕቃ ለሁሉም አርግልን» አሉ፤ እኔ ደግሞ ተነሥቼ «ታሞ የገባ ድኖ ይውጣ» አልኩ። ሕዝቡ አሜንም አሚንም አለ፤ እርስዎም ከሁላችን ጎልተው አሜን ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ወደ ቤታችን ሄድን። እርስዎም ወደ ቢሮዎ ገብተው «የሃይማኖት አባቶች መመሪያውን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ» ብለው አስጻፉ።

፪. ለትርጓሜ ትምህርት ስላበረከቱት አዲስ መንገድ አመሰግናለሁ። እኛ አንዱን ቃል «አንድም» እያልን በብዙ መንገድ ስንፈታ ያደግን ሰዎች ነን። መምህሮቼ በአንዲት ቃል ላይ ከማለዳ እስከ ቀትር ሲከራከሩ አይቻለሁ። ሆኖም «ለሁሉም» የሚለውን ቃል «ከወንድ በቀር» ብሎ የፈታ፣ «ታሞ የገባ» የሚለውንም «አርግዛ የገባች» ብሎ ያቀና መምህር በአንድም ጉባኤ ቤት አልገጠመኝም። በነፍሰ ጡሮች ክፍል በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ማስታወቂያ ቆሜ አንብቤዋለሁ። ለአካባቢው ባህልና ሃይማኖት ክብር ሲባል፣ በሃይማኖት አባቶችም ይሁንታ፣ መሣሪያው ነፍሰ ጡር እናቶችን ብቻ እንደሚያገለግል፣ ከክፍሉ ማውጣትም ሆነ በወንድ ገላ ላይ ማሳረፍ ክልክል እንደሆነ ይናገራል።

ክቡርነትዎ ያልተማሩትን እንዲያውቁት ያህል፣ በእኛ ዘንድ ምርቃት ሌላ ነው፣ ግዝት ሌላ ነው። የሚመርቅ ሰው በር ይከፍታል፤ የሚገዝት ሰው ይዘጋል። ግዝት ደግሞ የሚገዘተው ነገር ተነግሮ፣ ምክንያቱ ተመዝኖ፣ ሥልጣን ባለው ሰው ቃል የሚደረግ ከባድ ነገር ነው፤ እኔ መሪጌታ ነኝና ያ ሥልጣንም የለኝም። እርስዎ ግን የእኔን ምርቃት በአንድ ወገን አስገብተው በሌላው ወገን ግዝት አድርገው አወጡት። ይህን ያህል ክህነት ከየት እንደተሰጠዎ ቢነግሩን ለጳጳሳችን እናሳውቅ ነበር።

፫. የከበረ ዕቃ አጠባበቅ ስላሳዩን አመሰግናለሁ። የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤት ለዓመታት የጠበቅሁ እንደመሆኔ፣ ከሰው ዐይን የሚሸሸግና እጅ የማይነካው ንዋየ ቅዱሳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከካህን በቀር የማይደርስበት መቅደስ አለን። በመጋረጃ ውስጥ የሚቀመጥ ታቦት አለን። ግን ታቦታችን እንኳ በጥምቀት ይወጣል፤ ወንዱም ሴቱም፣ ጤነኛውም በሽተኛውም ያጅበዋል። የእርስዎ መሣሪያ ግን ከተመረቀ ጀምሮ ከእናቶቹ ተራ በቀረው ጊዜ ሁሉ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ላስቲኩ የሚገለጠው ከክልል ወይም ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ነው ይላሉ ሠራተኞችዎ። ከመቅደሳችን አስበልጠው ያከበሩትን ይህን ብረት ለማየት ሕመምተኛ ከመሆን እንግዳ መሆን ይሻላል ማለት ነው።

፬. ስለ ደሳለው አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ይረዝማልና በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ደሳለው የክርስትና ልጄ ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ክር ከሚፈተልበት ክፍል ይሠራል። ከፍልሰታ ወዲህ ሲያስለው፣ ሲያልበው፣ ሲከሳ ከርሞ ነበር፤ ብርድ ነው እየተባለ፣ እሱም ብርድ ነው እያለ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሚስቱ የኔነሽ ደወለችልኝ፤ ከትንፋሹ ድምፅ የተነሣ ከሷ ንግግር የሰማሁት «ወደ ሆስፒታል» የሚለውን ብቻ ነው። ዳገቱን በሚኒባስ ይዛው ወጣች፤ ከሆስፒታልዎ በር ላይ ተቀበልኳቸው። መተኛት አይችልም። መናገር አይችልም። እግሮቹ አብጠዋል፤ የአንገቱ ደም ሥሮች እንደ ገመድ ተወጥረዋል። እኔ ከኋላው አልጋው ላይ ተቀምጬ በደረቴ ደግፌ ያዝኩት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የማውቀው ከዚያ ስላልተነሣሁ ነው።

በዕለቱ ተረኛ የነበረችው ዶክተር ኢንሻራህ ነበረች። የፒያሳው የጨርቅ ነጋዴ የሀዚም ልጅ ናት። አያቶቻቸው ከየመን የመጡ ናቸው፤ ለደብራችን ጥላ የሚሆነውን ከፋይ ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ ከእነሱ ሱቅ ስንገዛ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ። በስልክ የተጠየቁት ከፍተኛ ሐኪም ሕመምተኛውን ሳያዩ፣ ጥጥ ቤት የሚሠራ ከሆነ አስም ነው አሉ፤ የአስም ጭስ በአፍንጫው ተሰጠው፤ ምንም አልጠቀመውም። እንደገና ሲጠየቁ፣ እግሩ ካበጠ ልቡ ደክሟል፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣው መርፌ ይሰጠው አሉ። ራጅ ይነሣ እንዳይባል ራጁ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሰውየውም ለመተንፈስ ከመቀመጥ በቀር የሚችለው ነገር የለም።

መርፌው ተዘጋጅቶ ነርሷ እጅ ላይ ነበር። ዶክተር ኢንሻራህ የልቡን ድምፅ ደጋግማ አዳመጠችና፣ «ቆይ፣ ሳላይ አልወጋም» አለች። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ትንፋሽ ማጠር ጩኸቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አየር በሳንባና በጎን አጥንት መካከል ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ በሳንባው ውስጥ ወይም በዙሪያው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ውሃው ልብ ያለበትን ከረጢት ሞልቶ ልቡን ጨብጦት ሊሆን ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መግደያ ነው። በጆሮ ብቻ ለመለየት የሚያስቸግረውን ያ መሣሪያ ደረት ላይ ሲያርፍ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ይለየዋል።

መሣሪያው ያለበት ክፍል በር ከድንገተኛ ክፍሉ ደጃፍ ሲቆሙ ይታያል። ለክፍሉ ኃላፊ ተደወለ። ድምፁ ለሁላችንም በሚሰማበት ስልክ፣ «ወንድ ነው? እንግዲያ አይቻልም፤ መመሪያው ይታወቃል፣ አባቶችም ያጸደቁት ነው» ብለው ዘጉት። ያን ጊዜ ከአጽዳቂዎቹ አባቶች አንዱ ሕመምተኛውን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ሆኖም ማንም አልጠየቀውም። እኔም የተባለው አባት ራሴ መሆኔን ገና አላወቅሁም ነበር።

ዶክተሯ ራሷ ሮጠች። አዋላጇ ሲስተር አሚና በሩን ከፈተችላት። አልጋው ላይ ተራዋ ደርሶ የተጋደመች፣ ከሐርቡ የመጣች ጣይባ የምትባል እመጫት ልትሆን የተቃረበች ወጣት ነበረች። ክቡርነትዎ ክብሯ ይነካል ብለው የሠጉላት፣ ስሟን ሳይጠይቁ በስሟ መመሪያ ያወጡላት ሙስሊም ሴት እሷ ናት። ነገሩን ስትሰማ ከአልጋው ቀና ብላ፣ «ውሰጂው እንጂ ምን ታዪኛለሽ! የእኔው የትም አይሄድ፤ የምትቸኩለው የሰውየው ነፍስ ናት» አለች። ይህን ሲስተር አሚና ነገረችኝ። እየሣቀች ነበር የነገረችኝ፤ ቀጥላም አለቀሰች።

መሣሪያው ደሳለው ደረት ላይ ሲያርፍ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ መስታወቱን አየሁ። «አባባ፣ ይታይዎታል? ይሄ ጥቁሩ ውሃ ነው፤ ይሄ መሐሉ ላይ የሚፍጨረጨረው ልቡ ነው፤ ውሃው ነው አልከፈት ያለው» አለችኝ። ከዚያ የተዘጋጀውን መርፌ ከነርሷ ተቀብላ ወደ ጎን አኖረችና፣ «ያ ቢሰጠው ኖሮ…» ብላ አልጨረሰችውም። ሌላ ረጅም መርፌ አስመጣች፤ መስታወቱን እያየች፣ ልቡን ሳትነካ፣ ውሃው ወዳለበት አገባች። ሻይ የመሰለ ውሃ እየተቀዳ ሲወጣ፣ ደረቴ ላይ ተደግፎ የነበረው ገላ ቀስ በቀስ ሲላላ ተሰማኝ። እስትንፋስ ሲመለስ ከቅርብ ሆኜ በገላዬ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደሳለው ዐይኑን ገልጦ መጀመሪያ የተናገረው፣ «አንቺ የኔነሽ፣ ምን ታለቃቅሻለሽ፣ ሰው ያየናል» የሚል ነበር። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ልቡ ዙሪያ ውሃ የቋጠረበት መሆኑ በምርመራ ተረጋግጦ ዛሬ መድኃኒቱን እየዋጠ ነው።

መሣሪያው ተጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጣይባም ከተጋደመችበት ሳትሄድ ጠብቃ ተራዋን አገኘች። ወንድ ስለነካው ዕቃ የጠየቀችው ነገር የለም፤ የጠየቀችው ሰውየው ተርፎ እንደሆነ ብቻ ነው።

፭. ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሊፍቱን ለማስጠገን ዓመት ያልበቃው ቢሮዎ ዶክተር ኢንሻራህን ለመክሰስ እሑድን ብቻ አሳልፎ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ አድርሷታል። ከድንገተኛ ክፍል ተነሥታ፣ ጉዳይዋ እስኪታይ ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሕመምተኛ ቁጥር እንድትደምር ተደርጓል። ሕመምተኛን ከማየት ቁጥሩን መደመር ለመመሪያ የማያሰጋ ሥራ መሆኑን እኔም እስማማለሁ።

በዚያው ሳምንት ደሳለውን ልጠይቅ ስመጣ ኮሪደር ላይ አገኘሁዎት። ትከሻዬን ይዘው፣ «አባታችን፣ እኔ ምን ላድርግ? የጣሰችው እኮ የእርስዎን ምርቃት ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የስድብ ድሃ አይደለም። እንዲህ ያለ ስድብ በእንዲህ ያለ ትሕትና ሲቀርብልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የክርስትና ልጄን ያተረፈች ልጅ በእኔ ቃል ልትባረር መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከእርስዎ እንደተለየሁ ወደ ሸኽ ሀምዱ ሄድኩ። ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ጨርሼ ሳልነግራቸው ብድግ አሉ። «እኔ? እኔ ነኝ የከለከልኩት? ወላሂ ‹ለሁሉም አርግልን› ብዬ ነው ዱዓ ያደረግኩት፤ ለሁሉም! ከሁሉም ውስጥ ወንዱን ማን ቀነሰው? እኔ ራሴ ምንድን ነኝ?» አሉ። ሚስታቸው ከውስጥ ሆነው፣ «አንተማ ከማይክራፎን በስተቀር ሌላ ነገር አልሰማህም» ሲሉ ሣቅን፤ ሣቃችን ግን ረጅም አልነበረም።

እስከ ዛሬ ድረስ በከተማው በእርስዎ መሣሪያ ላይ ቅሬታ ያቀረበ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ፈልጌ አጥቻለሁ። ሴቶቹ ሰምተው የተቆጡት ሽፋን ሆነው በመቅረባቸው ነው። የኅብረተሰቡ ስሜት ተነካ ተብሎ በክሱ ውስጥ የተጠቀሰው ኅብረተሰብ ማን እንደሆነ ያውቁ እንደሆነ ይንገሩን፤ ምናልባት በስብሰባ ላይ ያለ ይሆናል።

፮. ስለ ወይዘሮ ኩኩ ምስጋና የለኝም።

ዶክተር ኢንሻራህ ቁጥር ስትደምር በሰነበተችበት ጊዜ እኚህ ሴት ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ከሐርቡ መጡ። ወንድ አልነበሩም። ይሁን እንጂ የልጅ ልጅ ያዩ አሮጊት በመሆናቸው ነፍሰ ጡርም አልነበሩም፤ ስለዚህ መመሪያዎ እሳቸውንም አላወቃቸውም። የተተካው ሐኪም የባልደረባውን ዕጣ አይቷልና መሣሪያውን ለመጠየቅ ፈራ። ከፈራ ሰው አልጣላም፤ ያስፈራው ሌላ ነው። ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሂዱ ተባለና መኪና ሲፈለግላቸው እዚያው በር ላይ ዐረፉ። ቢታዩ ኖሮ ይድኑ ነበር አልልም፤ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ዶክተር ኢንሻራህም ስጠይቃት «እንጃ አባባ፣ ያላየሁትን አልናገርም» ብላኛለች። እኔ የምለው፣ ምን እንዳነቃቸው ማንም አልተመለከተም ነው። የሚያሳየው ዕቃ ከዚያው ግቢ ውስጥ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። ልጃቸው ከሸኽ ሀምዱ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ሐርቡ በወረድን ጊዜ፣ «አባቶች ከልክለው ነው አሉን» አለኝ። ጥምጣሜን እያየ ነበር የሚናገረው። እንዲህ ባለ ልቅሶ ቤት ተቀምጠው የሚያውቁ ከሆነ ለዚያ ልጅ ምን እንደሚመለስለት ይምከሩኝ።

፯. የማመሰግንበት ነገር ስላለቀብኝ ወደ ልመናዬ እገባለሁ።

የእኔና የሸኽ ሀምዱ ስም ከበሩም፣ ከመመሪያውም፣ ከክሱም እንዲነሣ እንጠይቃለን። የመረቅነው መሣሪያውንና በእሱ የሚታከመውን ሰው ነው፤ መመሪያዎን አልሰማነውም፣ ብንሰማውም አንመርቀውም ነበር። ይህን ቃላችንን እሳቸው ከጁምዓ በኋላ በመስጊዳቸው ደጃፍ፣ እኔም ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ዐውደ ምሕረት ለሰው ሁሉ እንናገራለን፤ ማይክሮፎኑም እንደማይጮህ አስቀድመን እናረጋግጣለን።

መሣሪያው ሰው ታንቆ ወደሚመጣበት ክፍል እንዲዛወር፣ ነፍሰ ጡሮችም ከተራቸው ሳይጓደሉ እንዲጠቀሙበት እንጠይቃለን። ሌላ መሣሪያ ቢጨመር ደግሞ እንመርቃለን፤ ይህ ግን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በሌለበት ይሁን።

ዶክተር ኢንሻራህ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ግን አንለምንዎትም፤ ይህ ልመና የሚገባው ነገር አይደለምና። ማክሰኞ ኮሚቴው ሲቀመጥ እኔና ሸኽ ሀምዱ እንመጣለን። ማስረጃ ተደርገን ከቀረብን ማስረጃው ራሱ አፍ እንዳለው ኮሚቴው ይወቅ። ደሳለው በእግሩ ይመጣል። ጣይባም ወልዳለች፤ ወንድ ልጅ ነው፤ አራስ ስለሆነች እሷ መምጣት ባትችል እናቷን እንደምትልክ ነግራናለች። ልጁ ከመወለዱ በፊት በዚያ መሣሪያ መታየቱን፣ ወንድነቱም ያኔ ታውቆ እንደነበር ለኮሚቴው ማስታወስ ትፈልጋለች፤ በወንድ ገላ ላይ የሚለውን ክልከላ በዚያው ዕለት እሱም ስለጣሰ፣ ክሱ ላይ የእሱም ስም እንዳይዘነጋ።

የተለመደው ትሕትናዎ እንዳይጓደል፣ ወንበርዎም ከበታችዎ እንዳይናወጥ እየተመኘሁ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ በአክብሮት የምሰናበትዎ፣

ሳይጠየቅ ያጸደቀ፣ ሳይሰማ የተስማማ፣
መሪጌታ አግማስ ተገኘ
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ እኔም ዕድሜዬ ገፍቶ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ያጥረኝ ጀምሯል። ስለዚህ ልጆቼን ሰብስቤ ተናዝዣለሁ። የታነቅሁ ዕለት ዶክተር ኢንሻራህ በእርስዎ ቤት ከሌለች በርዎን አልፈው ወደ ሌላ እንዲወስዱኝ አዝዣለሁ። መንገድ ጠፍቶ የግድ ወደ እርስዎ ካስገቡኝ ግን ነጠላ አከናንበው «ነፍሰ ጡር ናት» እንዲሉ ነግሬያቸዋለሁ። ዘበኛው ጺሜን አይቶ ቢጠራጠር፣ መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ፤ ስለ ጺም የሚለው ነገር የለም።